የካቶዱን ጥቅል የሚያውቅ የአምፕሊፋየር ጥገና ቤት በሐዋሳ

በሐዋሳ ፒያሳ የቲዩብ አምፕሊፋየር ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «መለዋወጫ የለውም» የሚል ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለችው ጠባብ ሱቅ ግን የእኔን የእንግሊዝ ሥሪት ኳድ ሁለት አምፕሊፋየር ተቀብላ በሚገባ ጠግናዋለች።

ይህ አምፕሊፋየር እ.ኤ.አ. በ1953 ለገበያ የቀረበና 15 ዋት የሚሰጥ ሲሆን፣ በውጤት ክፍሉ ሁለት ኬቲ 66 ቲዩቦች በፑሽ ፑል፣ ማለትም አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ፣ ይሠራሉ። ከመጠገኑ በፊት በድሮ ሸክላዎች ላይ ያለው የባስ ጊታር ልቅ ሆኖ ይሰማ ነበር። ቀድሞ ሌላ ቦታ ያየው ባለሙያ ጥፋቱን በቲዩቦቹ ላይ ጥሎ ነበር፤ የዚህች ሱቅ ባለሙያ የሆኑት አዛውንት ግን ቲዩብ ከመሸጣቸው በፊት ሻሲውን ገልብጠው ሽቦውን ተከታተሉ። «ልጄ፣ ካቶዶቹ ጥቅሉን ዘለው ነው የታሰሩት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቲዩብ ውስጥ ካቶድ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ አኖድ ይቀበላል፣ ግሪድ ደግሞ በመካከላቸው ሆኖ ከረንቱን ይቆጣጠራል። በኳድ ሁለት ቲዩቦቹን ከስፒከሩ ጋር ከሚያገናኘው የውጤት ትራንስፎርመር የፕራይመሪ (የቲዩቦቹ በኩል) ጥቅል 10 በመቶ ገደማ የሚሆነው የተመደበው ለካቶዶቹ ነው። ግሪዱ ወደ ላይ ሲገፋ የቲዩቡ ከረንት ይጨምራል፤ በዚያው ቅጽበት በጥቅሉ ላይ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ካቶዱንም ወደ ላይ ስለሚያነሣው፣ ቲዩቡ የሚያየው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ግሪዱ ያላዘዘው መዛባት፣ እንዲሁም ስፒከሩ በራሱ ንዝረት መልሶ የሚልከው ቮልቴጅ፣ እዚያው ይገታል፤ ባሱን የሚያረጋው ይህ ነው። ዋጋው ደግሞ ግሪዱ የበለጠ ቮልቴጅ መፈለጉ ነው፤ ይህንንም ከፊት ያሉት ሁለት ኢኤፍ 86 ቲዩቦች ይሸፍናሉ። የአሜሪካው አምፕሊፋየር ሠሪ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1949 ጥቅሉን ለአኖድና ለካቶድ እኩል አካፍሎ ከዚህም ርቆ ሄዷል።

ብዙዎች ይህን ፊድባክ (ከውጤቱ ተመልሶ መዛባቱን የሚያርመውን ሲግናል) ከካቶድ ሬዚስተሩ ጋር ያምታቱታል። ሁለቱ ቲዩቦች በጋራ የሚጠቀሙበት የ180 ኦም ሬዚስተር ሥራው ባያስን፣ ማለትም የቲዩቡን መነሻ ከረንት የሚወስነውን ቮልቴጅ፣ መስጠት ነው። በክላስ ኤ፣ ማለትም ሁለቱም ቲዩቦች ሳያቋርጡ በሚሠሩበት አሠራር፣ የአንዱ ከረንት ሲጨምር የሌላው ስለሚቀንስ፣ ዋናው ሲግናል በዚያ ሬዚስተር ላይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ስለዚህ ከሬዚስተሩ ጎን የታሰረውን ባይፓስ ካፓሲተር ነቅሎ «ፊድባክ ጨመርኩ» የሚል ሰው እምብዛም የሚያገኘው ነገር የለም። ባለሙያው ይህንን ለይተው ያውቃሉ፤ ለእኔ የሱቋ ትልቁ ብልጫ ይህ ነው።

ጥቅሉን በትክክለኛው አቅጣጫ መልሰው አሰሩት፤ ጫፎቹ ቢገለበጡ ፊድባኩ ተደማሪ ሆኖ አምፕሊፋየሩ ያፏጫል። በሬዚስተሩ ላይ 26 ቮልት ገደማ ስለሚያርፍ የሚያጠፋው ኃይል ወደ 4 ዋት ይጠጋል፤ እርሱንም የበለጠ ዋት በሚችል ሬዚስተር ተኩ። ሲግናሉን ወደ ግሪዱ የሚያሻግሩትን ያረጁ የኮፕሊንግ ካፓሲተሮችም ሳይጠየቁ ቀየሩ፤ እነዚህ ዲሲ (ቀጥተኛ ከረንት) ወደ ግሪዱ ካሳለፉ ኬቲ 66 ጋይቶ ይሞታልና። አሁን ባሱ ጠንካራና ጥርት ያለ ነው።

ጉድለት አለ። የተለካው ቮልቴጅ በጽሑፍ አይሰጥም፣ ደረሰኙ «ጥገና» ከማለት በቀር ዝርዝር የለውም፣ ቀጠሮም ይረዝማል። ለተተከለ ቲዩብ ዋስትና ስለማይሰጡ ዋጋውን አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። የተቃጠለ የውጤት ትራንስፎርመር ደግሞ እዚያ አይጠቀለልም፤ የአኖድና የካቶድ ጥቅሎቹ በንብርብር የተጠላለፉ በመሆናቸው፣ ሰውየው ያንን ሥራ በግልጽ «አልችልም» ብለው ይመልሳሉ።