«አትግዙ» ላሉን ጋሼ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ወገኖች። እኔ ብዙ ጊዜ የምጽፈው የሚከራይ ክፍል ስፈልግ ወይም መኪና ስሸጥ ነው። ዛሬ ግን ልንገዛት የነበረችውን ጀልባ መርምረው «አትግዙ» ላሉን አንድ ጋሼ የምስጋና ዕዳ አለብኝ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ፣ በተለይ «እስቲ ትንሽ ጀልባ ገዝተን ውቅያኖስ ወጥተን ዓሳ እናጥምድ» የሚል ሐሳብ የመጣባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር አታውጡ።

ነገሩ የጀመረው በእቁብ ነው። ሦስት ጓደኛሞች ነን። አንዱ የሐዋሳ ልጅ ነው፣ አንዱ የባሕር ዳር፣ እኔ የዝዋይ። ሐይቅ ዳር ስላደግን ውሃ የምናውቅ ይመስለናል። «ይመስለናል» የምትለዋን አስምሩባት። ለዓመታት ሜሪላንድ ውቅያኖስ ዳር ያለችው ኦሽን ሲቲ ድረስ እየነዳን፣ በሰው ጀልባ በነፍስ ወከፍ እየከፈልን ጥቁር ሲ ባስ የሚባለውን ዓሳ ስናጠምድ ኖርን። (በጾም ዓሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ።) ባለፈው ዓመት እቁቡ ለእኔ ወጣ። ብር እጅ ሲገባ ያሳክካል መቼም። «ለሦስት ተካፍለን የራሳችንን ጀልባ እንግዛ» ተባባልን።

ያገኘናት ጀልባ 19 ጫማ ርዝመት ያላት፣ የ2001 ሥሪት፣ መሪዋ መሃል ላይ የቆመ ክፍት ጀልባ ነበረች። ተወልውላ እንደ መስታወት ታበራለች። ከኋላዋ ደግሞ ፕላስቲኩ ገና ያልተላጠ የሚመስል ባለ 150 ፈረስ ጉልበት ፎር ስትሮክ ሞተር ተሰቅሏል። ሻጩ አፈ ቅቤ ነው። «ሞተሩ ብቻውን የጠየቅኳችሁን ዋጋ ያወጣል» አለን። «በዚህች ባልቲሞር ካንየን ድረስ ሄጃለሁ» ብሎ ስልኩ ላይ ትልቅ ቱና ታቅፎ የተነሳውን ፎቶ አሳየን። ባልቲሞር ካንየን ከኦሽን ሲቲ ወደ 60 ማይል ገደማ ውቅያኖስ ውስጥ የሚገኝ የባሕር ወለል ሸለቆ ነው። ትልልቆቹ ዓሶች፣ ቱናውም ማርሊኑም እዚያ ነው። እኛ ፎቶውን ስናይ አለቀልን።

ቀብድ ልንሰጥ ስንል ባለቤቴ አስቆመችን። «ቤት ስንገዛ ኢንስፔክተር አላመጣንም እንዴ? ቤት እኮ አይሰምጥም» አለች። መልስ አልነበረኝም። እሷው ናት ከቤተ ክርስቲያን ሰው ጠይቃ የጋሼን ስልክ ያገኘችው።

ጋሼ በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መካኒክ ነበሩ። ከ1982ቱ የምፅዋ ውጊያ በኋላ በየመን በኩል ወጥተው በመጨረሻ እዚህ ደረሱ። ቼሳፒክ ቤይ ዳር ባሉ የጀልባ ጋራዦች ሲሠሩ ኖረው አሁን ሥራቸው የጀልባ ሰርቬየርነት ነው። ሰርቬየር ማለት ጀልባ ከመገዛቱ በፊት ከላይ እስከ ታች መርምሮ በጽሑፍ ሪፖርት የሚሰጥ ሰው ነው። በነገራችን ላይ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሥራ መንግሥት የሚሰጠው ፈቃድ የለም። ማንም ተነስቶ ሰርቬየር ነኝ ማለት ይችላል። ስለዚህ የእኔን ጥቆማ ባትቀበሉ እንኳ የምትቀጥሩት ሰው ሳምስ ወይም ናምስ ከሚባሉት የሙያ ማኅበራት የአንዱ አባል መሆኑን ጠይቁ።

ስደውልላቸው ስለ ጀልባዋ ልዘረዝር ስጀምር አቋረጡኝ።

«የት ልትሄዱባት ነው?»

«ዓሳ ልናጠምድ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። የት? ስንት ማይል? ስንት ሆናችሁ? በየትኛው ወር?»

ዝም አልኩ። «ልጄ፣ በነጠላ ጫማ ራስ ዳሽን አይወጣም። ጫማው ግን ለቤት ጥሩ ነው» አሉኝ። በዚያው ቅዳሜ ቀጠሮ ያዝን።

እዚያ ስንደርስ እኛ ያፈዘዘንን ሞተር ዞር ብለውም አላዩትም። መጀመሪያ መሪው አጠገብ የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ ጎንበስ ብለው አነበቡ። እዚህ አገር ከ20 ጫማ በታች የሆኑ እንዲህ ዓይነት የሞተር ጀልባዎች ስንት ሰው፣ ስንት ፓውንድ፣ ምን ያህል ጉልበት ያለው ሞተር እንደሚሸከሙ የሚናገር ሰሌዳ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። እኛ ሦስት ጊዜ ተመላልሰን አላየነውም። ሰሌዳው ከ130 ፈረስ ጉልበት አይለፍ ይላል። የተሰቀለው 150 ነው። ሻጩ «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ። ጋሼ ምንም ሳይመልሱ ጻፉ።

ቀጥለው ከቦርሳቸው ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ አወጡ። ሞተሩ የሚሰቀልበትን የኋላ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንኳኩ ጀመር። እናቶቻችን ገበያ ላይ ምጣድ ሲገዙ በጣታቸው እያንኳኩ ድምፁን ሲሰሙ አይታችኋል? ልክ እንደዚያ። ዳር ዳሩ ላይ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። መሃል ላይ፣ ሞተሩ የታሰረባቸው ብሎኖች አካባቢ ሲደርሱ ድምፁ ተለወጠ። ዱብ፣ ዱብ። ለእኔ ለማላውቀው ሰው እንኳ ተሰማኝ። በዚህች ዓይነት የቆየች ጀልባ ግድግዳው ውስጥ በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል እንጨት አለ። ብሎን የገባበት ቀዳዳ በደንብ ካልታሸገ ውሃ ይሰርግና እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ከውጭ ግን ቀለሙ ያበራል።

የእርጥበት መለኪያቸውን አስጠግተው ካረጋገጡ በኋላ ሞተሩን ከፍ አድርገው ጭራው ላይ በሰውነታቸው ጫን አሉ። «አንተ እዚህ ጋ፣ ግድግዳውን ብቻ እይ» አሉኝ። አየሁ። ግድግዳው ተነፈሰ። በቃ ሌላ ቃል የለኝም፤ ወደ ውጭ ገፋ ብሎ ተመለሰ። 60 ማይል ርቀን ሞገድ ሲያነጥረን ያ ሞተር ይዞት የሚሄደውን ነገር አሰብኩ።

የመጣንበት ትምህርት ግን ውሃ ላይ ነበር። ጀልባዋን አወረድናት። ጋሼ ሦስታችንንም ከነሙሉ የበረዶ ሣጥናችን ኋላዋ ላይ እንድንቆም አዘዙን። ቆምን። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ካልሲዬ ረጠበ። ወለሉ ጥግ ላይ ካሉት የማፍሰሻ ቀዳዳዎች ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው!

«ቀዳዳው ላይ ያለችው ኳስ ስለጠፋች ነው፤ የሁለት ዶላር ዕቃ ናት» አለ ሻጩ።

ጋሼ ለእኛ በአማርኛ አስረዱን። የጀልባ ወለል ከውጭው ውሃ ከፍ ማለት አለበት። እንደዚያ ሲሆን ዝናብም ሆነ ሞገድ ያስገባው ውሃ በቀዳዳው ራሱ ተመልሶ ይወጣል። ኋላዋ ሲከብድ ግን ቀዳዳው ከውሃ በታች ይሆንና ማፍሰሻ የነበረው ማስገቢያ ይሆናል። ይህች ጀልባ ስትሠራ የታሰበላት ቱ ስትሮክ የሚባለው ቀለል ያለ የድሮ ሞተር ነበር። አዲሱ ሞተር ከ100 ፓውንድ በላይ ይከብደዋል። ስለዚህ ኋላዋ ቁጢጥ ብላለች። ያ እኛ የተንሰፈሰፍንለት ሞተር ነው ያበላሻት!

«አሁን» አሉ ጋሼ፣ «ከኋላ የሚመጣ ሞገድ አንድ ጊዜ ገባ በሉ።» ወለሏን በክንዳቸው ለኩ፤ 6 በ10 ጫማ ያህል። ውሃው አንድ ጫማ ከፍታ ቢሞላ ወደ 450 ጋሎን ነው። ክብደቱ ከ3,700 ፓውንድ በላይ። ከጀልባዋ ከራሷ ይከብዳል ማለት ነው። ያላት ፓምፕ ደግሞ አንድ ብቻ፣ «በሰዓት 500 ጋሎን» የሚል የተጻፈበት፣ ያውም በእጅ ካልተከፈተ የማይነሳ። ያ ሁሉ ውሃ እስኪወጣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሁለተኛው ሞገድ አንድ ሰዓት አይጠብቅም።

ሪፖርቱ በሁለተኛው ቀን መጣ። 11 ገጽ። ግድግዳው እንደ አዲስ ተሠርቶ ሞተሩ ከቀለለ ቼሳፒክ ቤይ ላይ፣ በጥሩ ቀን፣ ለሁለት ሰው ትሆናለች። ለውቅያኖስ አትሆንም። ሻጩ ይህን ሲሰማ 4,000 ዶላር ቀነሰ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ወላወልኩ። ጋሼ ዘንድ ደውዬ «ግን ሰውየው ካንየን ደርሶ ቱና ይዞበታል እኮ፣ ፎቶውን አይቻለሁ» አልኳቸው። «ላክልኝ» አሉ። ላክሁ። ወዲያው ደወሉ። «ዓሳውን ተወው። ከኋላው ያለውን ባሕር እየው።» አየሁት። እንደ ሰሃን የተኛ ባሕር ነው። ሽው የሚል ነፋስ እንኳ የለም።

ተውነው።

ከአራት ወር በኋላ ሌላ አገኘን። 22 ጫማ፣ የ1999 ሥሪት፣ መልኳ እንኳን አያስቀናም። ጋሼ ግን ገና ሲያዩዋት ፊታቸው ፈካ። የኋላ ግድግዳዋ ከፍ ያለ ነው፤ ከፊቱም ከኋላ ዘሎ የገባ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳያልፍ የሚይዝ ሁለተኛ ገበታ አለው። ሆዷ ሞገድ እንዲሰነጥቅ ሹል ተደርጎ የተሠራ ነው። ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ፓምፕ፣ አንደኛው ውሃ ሲነካው በራሱ የሚነሳ። እዚህ ላይ ያላወቅሁትን ነገሩኝ። ውሃ ሞልቶባትም ሳትገለበጥ ተንሳፍፋ እንድትቆይ ሕጉ የሚያስገድደው ከ20 ጫማ በታች ያለችውን ባለ አውትቦርድ (ሞተሯ ከኋላ በውጭ የሚሰቀል) ጀልባ ነው። ትልቋ ጀልባ ትበልጣለች ብላችሁ ስትገዙ ይህ ግዴታ የለባትም ማለት ነው። ስለዚህ ወለሉን ከፍተው ፋብሪካው በሚያንሳፍፍ ፎም የሞላት መሆኑን፣ ፎሙም ውሃ አለመጠጣቱን በእጃቸው ጨምቀው አዩ። የቤንዚን ቱቦዎቹ ይቀየሩ፣ ከወለሉ ሥር ያለው የአሉሚኒየም ታንክ በግፊት ይፈተሽ አሉ። አደረግን። ቪኤችኤፍ የሚባለውን የባሕር ሬዲዮ አስገዙን፤ የአደጋ ጥሪ የሚደረግበትን ቻናል 16ን ለልጅ እንደሚያስተምሩ አስጠኑን። ሞባይል ትንሽ ራቅ ሲሉ ጌጥ ነው። ነጂው ከወደቀ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ሰውነቴ ላይ ሳላስር ስነሳ አንድ ጊዜ አይተው የሰጡኝን ቁጣ አባቴም ሰጥቶኝ አያውቅም።

በመጀመሪያው ቀን አብረውን መጡ፤ ለዚህ አላስከፈሉንም። የኦሽን ሲቲ መውጫ በነሐሴ 1933 በፈረንጆቹ የመጣው ማዕበል መሬቱን ቆርጦ የከፈተው ጠባብ በር ነው። ውሃው ወደ ውጭ ሲፈስና ነፋሱ ከምሥራቅ ሲመጣ ሁለቱ በሩ ላይ ይጋጫሉ። ጋሼ ኒው ጀርሲ ካለችው ኬፕ ሜይ 26 የባሕር ማይል ላይ ያለችውን የ44009 ቁጥር ተንሳፋፊ የሞገድ መለኪያ በስልካቸው ከፈቱ። 4 ጫማ በ5 ሴኮንድ፤ የሞገዱ ቁመት 4 ጫማ፣ በሁለት ሞገዶች መካከል ያለው ጊዜ 5 ሴኮንድ ማለት ነው። እኔ «4 ጫማ ምን አላት?» አልኩ። «ቁመቱን ብቻ አታንብብ። 4 ጫማ በ10 ሴኮንድ ሲመጣ ዥዋዥዌ ነው። በ5 ሴኮንድ ሲመጣ ግድግዳ ነው» አሉኝ። በሩ ጋ ቆመን አንድ ከእኛ የሚበልጥ ጀልባ አፍንጫው ሰማይ ሲያይ ተመለከትን። ተመለስን። ወደ ቤት ስንሄድ ከሱቅ ዓሳ ገዛን። ባለቤቴ ሚዛኑ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አይታ እስካሁን ትስቅብኛለች።

እንግዲህ ልትደውሉላቸው ለምታስቡ፦ የሚያስከፍሉት በጫማ 25 ዶላር ነው፤ ለመጀመሪያዋ ጀልባ 475 ዶላር ከፍለናል። የሞተሩን ውስጥ አያዩም፤ ለእሱ ሌላ መካኒክ ያስፈልጋችኋል። ስልክ ቶሎ አያነሱም። ሻጩ ዘመዳቸው ወይም ጓደኛቸው ከሆነ ሥራውን አይቀበሉም። ይቆጣሉም፤ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ጀልባ ኖሯችሁ ለሰርቬየር ብር ከሌላችሁ ደግሞ የኮስት ጋርድ (የአሜሪካ ባሕር ዳርቻ ጥበቃ) ረዳት የሆነው የኦግዚለሪ በጎ ፈቃደኞች የደኅንነት ዕቃችሁን በነፃ መጥተው ያያሉ። ሕይወት አድን ጃኬቱን፣ የአደጋ ርችቱን፣ መብራቱን ያረጋግጣሉ። ቢጎድል አይቀጡም። ግን ግድግዳ አያንኳኩም፤ እሱ የጋሼ ሥራ ነው።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸው ፈቅደውልኛል። ስትደውሉ መጀመሪያ «የት ልትሄዱባት ነው?» ብለው ነው የሚጠይቋችሁ። መልሱን ይዛችሁ ደውሉ።