ደብረ ብርሃን ላይ «ቤት ውስጥ ሕፃን እናውላለን» ለሚሉት ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ። ነገሩ የሆነው ትናንት ረፋድ ላይ ነው። የማዋያዋን ባለቤት ስም አልጠራም፣ ሰፈሩንም አልናገርም። ግን ደብረ ብርሃን ውስጥ ልጅ ታቅፋችሁ ማዋያ ፍለጋ የዞራችሁ ሁሉ ዓይነቷን ታውቋታላችሁ። ግድግዳው ላይ ሚኪ ማውስ፣ ገና በር ላይ ስትደርሱ «ውይ የኔ ማር!» ብላ ልጁን ከእጃችሁ መንጠቅ፣ ከዚያ ምዝገባ፣ ከዚያ የሦስት ወር ቅድሚያ፤ ደረሰኝ ስትሏት ደግሞ «ነገ»።

እኔ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ቅዳሜን ጨምረን ለምንሠራ ሰዎች ሲቆጠር ሦስት ወር ተኩል ገደማ ቢሆን ነው። የዓመት ፈቃዴን ቀጥዬበት እንደምንም አምስት ወር አስሞላሁት። እናቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ናት፣ ከብቶቿን ጥላ አትመጣም። ሁለት ሠራተኛ ቀጠርኩ፣ ሁለቱም ሳምንት ሳይሞላቸው ልብሳቸውን ሰብስበው ሄዱ። የቀድሞውን የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010ን ካያችሁ መሥሪያ ቤቱ ራሱ እናት የምታጠባበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁም ያዝ ነበር፤ የኛን ግን ማን ያዝለታል? ስለዚህ የኛ መፍትሔ እሷ ናት። ይህንን ደግሞ ከኛ በላይ የምታውቀው እሷው ናት።

«እትዬ፣ አምስት ወሩ ነው፣ ትቀበላላችሁ?» አልኳት። «እንኳን አምስት ወር፣ የአርባ ቀንም ይዣለሁ!» አለች። ምዝገባ 1,500፣ የሦስት ወር 12,000፤ ድምር 13,500 ብር። የደረሰኝን ዕቁብ ነው ቆጥሬ የሰጠኋት።

ዘጠኝ ቀን አዋልኩት። በአሥረኛው፣ ትናንት ማለት ነው፣ ሥራ ቦታ ደርሼ ቦርሳዬን ስከፍት ሌሊት ያለብኩለት ወተት ከነጡጦው እዚያው አለ። አስፈቅጄ በባጃጅ ተመለስኩ። አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በሩን የከፈተችልኝ ልጅ ፊቷ ልክ አልነበረም፤ «ዛሬ አይገባም» አለችኝ። ገፋ አድርጌያት ገባሁ።

ግቢው ውስጥ ፋይል የያዙ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፣ አንዱ አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል። ለቁጥጥር የመጡ ናቸው። ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ልጆቹን በሰልፍ አቁማ ታስቆጥራለች። ሁሉም በእግሩ የሚሄድ ነው። የኔ የለም። «ልጄስ?» ልል አፌን ስከፍት ዞር ብላ አየችኝ። ፈገግታዋ ያው የመጀመሪያው ቀን ፈገግታ ነው፣ ምንም አልጎደለውም።

«የኔ እህት፣ በስልክ ነግሬሽ የለም እንዴ? እኛ ሕፃን አንቀበልም። ከሁለት ዓመት በታች ሕጉ አይፈቅድልንም።»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ልጄን ከእጄ የተቀበለች ሴት ናት እንዲህ የምትለኝ። እንደማታውቀኝ! ባለመታወቂያው ደግሞ፣ ደግ ሰው ነው መሰለኝ፣ አዝኖልኝ ነው፣ «እህቴ፣ እውነታቸውን ነው፤ የሳቸው ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ ላሉት ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ ይሞክሩ» አለኝ።

እኔ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ።

እስካሁን ራሴን የምበላው በዚህች «እሺ» ነው። ልጄ የት እንደገባ ሳላውቅ «እሺ» አልኩ። በአንድ በኩል ይሉኝታ፣ በሌላ በኩል ደግሞ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ቤቱ ቢታሸግ ነገ የት ላውለው ነው የሚል ሐሳብ በልቤ ሽው ብሏል። የእናት ልብ የሚባለው ነገር እዚያች ደቂቃ ላይ የት እንደሄደብኝ እንጃ።

ከዚያ ለቅሶ ሰማሁ። ከአጥሩ ወዲያ፣ ከጎረቤት ግቢ። ከኔ ጆሮ በፊት የሰማው ጡቴ ነው፤ ሸሚዜ እዚያው ቆሜ ረጠበ። ወጥቼ በኋላ በር ዞርኩ። የጎረቤቷ ማድ ቤት ነው፣ እንጀራ እየተጋገረ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። ሦስት ሕፃናት አንድ አጎዛ ላይ ተደርድረዋል። የምትጠብቃቸው ከአሥራ ሦስት ዓመት የማትበልጥ ልጅ ናት፣ አንዱን ታዝላለች፣ ሌላውን በእግሯ ትወዘውዛለች። የኔ ልጅ በማላውቀው ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከለቅሶ ብዛት ድምፁ ዘግቶ፣ አፍንጫው ጥላሸት ሆኗል። ልጅቷ ስታየኝ «እኔ አይደለሁም ያመጣኋቸው፣ አምጥተው ነው የሰጡኝ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እሷንስ ማን ይጠብቃት?

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ተመልሼ ገንዘቤን ጠየቅኩ። ተቀምጣ ቡና ታስቆላለች። «ተመላሽ የለውም፣ ስትከፍይ ነግሬሻለሁ» አለች። «ለሰዎቹ እነግራለሁ» ስላት ሳቀች። «ምን ብለሽ? ስትጠየቂ እሺ አላልሽም? አብረን ነው የዋሸነው የኔ እመቤት።» አጠገቧ ያለችው ሞግዚት ደግሞ «የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ይለፍላት» ብላ ቡናውን ማመስ ቀጠለች። ይለፍላት!

መዝገቡን ግን አይቻለሁ። ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። የልጄ ስም አለ፣ ዕድሜ በሚለው ረድፍ በሰማያዊ እስክሪብቶ «2 ዓመት ከ3 ወር»። እንግዲህ ቢጠየቁ መልሱ ተዘጋጅቷል፤ ልጁን ግን ሁለት ዓመት የሞላው አስመስሎ ማሰለፍ ስለማይቻል ማድ ቤት መደበቅ።

ማታ ቶሮንቶ ላለችው ለባለቤቴ እህት እያለቀስኩ ነገርኳት። እሷ እዚያ በልጅ ጥበቃ ሥራ ነው የምትተዳደር። ኦንታሪዮ ውስጥ ያለ ፈቃድ በቤቱ ልጅ የሚይዝ ሰው ከአምስት በላይ አይችልም፣ ከአምስቱም ከሁለት ዓመት በታች የሆኑት ከሦስት አይበልጡም አለችኝ። «ለምን ሦስት?» ስላት፣ «እሳት ቢነሳ አንድ ሰው ስንት ሕፃን ተሸክሞ ይወጣል ብለሽ ታስቢያለሽ?» አለች። የዕድሜ ገደብ የሚባለውን እኔ የቢሮ ጣጣ ነበር የሚመስለኝ። ያቺ አንድ ሕፃን አዝላ ሌላውን በእግሯ የምትወዘውዝ ልጅ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ፣ ምድጃው ደግሞ ከጎኗ ይነዳል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። የተመዘገብን ቀን «እዩት የልጃችሁን ትምህርት ቤት» ብዬ ለቤተሰብ ፎቶ ልኬ ነበር። ትናንት ሌሊት አውጥቼ አጎላሁት። ከሚኪ ማውሱ ጆሮ አጠገብ ፈቃዱ በመስታወት ተሰቅሏል። ማኅተሙ ይታያል። «ከ2 ዓመት እስከ 4 ዓመት» የሚለው ይነበባል። ራሴ ነኝ ያነሳሁት፣ ራሴ ነኝ የላክሁት፣ አንድም ሰው አላነበበውም።

እና እህቶቼ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ስዕሉን ከማየታችሁ በፊት አንብቡት፣ ዕድሜውን። ወር በወር ክፈሉ፣ ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ። ባልተነገራቸው ሰዓትም ድንገት ሂዱ።

እኔ ሥራ አልገባሁም፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ፎቶውን አሳጥቤያለሁ። ነገ ክፍለ ከተማ ሄጄ ያንን ባለመታወቂያ እፈልገዋለሁ፣ «እሺ» ያልኩትንም እነግረዋለሁ። ልጁን ለሁለት ሰዓት የሚይዝልኝ ሰው ካገኘሁ።