ዋችፓት ዋን፦ ቤት ተኝተው የሚመረመሩበት መሣሪያ

ለከባድ ማንኮራፋትና ቀን ቀን ለሚጥል እንቅልፍ፣ አሜሪካና እስራኤል ያሉ ሐኪሞች ከሚያዝዟቸው የስሊፕ አፕኒያ (እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ደጋግሞ የሚቋረጥበት ሕመም) መመርመሪያዎች አንዱ ዋችፓት ዋን ነው። የሠራው የእስራኤሉ ኢታማር ሜዲካል ሲሆን ድርጅቱን በ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የሕክምና መሣሪያ አምራች ዞል ገዝቶታል። መሣሪያው አንድ ሌሊት አገልግሎ ይጣላል።

እጅ አንጓ ላይ ይታሰራል፤ አንድ ሴንሰር ጣት ላይ፣ ሌላው ደረት ላይ ይሆናል፤ አፍንጫ ላይ የሚገባ ቱቦ የለውም። ትንፋሽ ሲታፈን ሰውነት ይደነግጣል፤ የጣት ደም ሥር ይኮማተራል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ኦክስጅን ይወርዳል። መሣሪያው የሚቆጥረው ይህን ድንጋጤ ነው። ትልቁ ብልጫው ግን የተኙበትን ሰዓት መገመቱ ነው። ብዙ የቤት መመርመሪያዎች የመታፈኑን ብዛት የሚያካፍሉት በርተው ለቆዩበት ሰዓት ነው። 8 ሰዓት አልጋ ላይ ቆይቶ 4 ሰዓት ብቻ የተኛና 60 ጊዜ የታፈነ ሰው፣ በእነሱ ስሌት በሰዓት 7.5 ያገኝና «ቀላል» ይባላል። ለእንቅልፉ ሰዓት ሲካፈል ግን 15 ነው፤ መካከለኛ። 30 ሲደርስ ከባድ ነው።

አገጣጠሙ ቀላል ቢሆንም ብዙው የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። አንዲት ቀጭን የሪሞት ባትሪ ይገባል፤ ስልኩ ብሉቱዙ በርቶ፣ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ አልጋው አጠገብ ያድራል። ክቡ ሴንሰር ከአንገት ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ ዝቅ ብሎ ደረት ላይ ይለጠፋል፤ ጸጉር ካለ ይላጫል። ጣት የጣት ሴንሰሩ ውስጥ ሲገባ ችኮላ አያስፈልግም፤ ሌባ ጣት ጫፉን እስኪነካ ይገፋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የሴንሰሩ መሳቢያ ልጣጭ በቀስታ ይሳባል። አንዴ ከወለቀ መልሶ ማስገባት የለም፤ ሽንት ቤትም አብሮ ይኬዳል። ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለሙ ይልቀቅ፤ ለሠርግ ጥቁር ሂና የተቀባ ሰው ያልተቀባውን ጣት ይምረጥ። ጠዋት መረጃው ተልኮ ሳያልቅ ስልኩ ላይ ያለውን የመሣሪያውን አፕ መዝጋት የሌሊቱን ልፋት ከንቱ ሊያስቀር ይችላል።

ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን የሚወስዱ አባቶች አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የዚህ ዓይነት መድኃኒት መሣሪያው የሚጠብቀውን የደም ሥር መኮማተር ያዳክመዋል። ፔስሜከር (ደረት ውስጥ የሚቀበር የልብ ምት አስተካካይ) ያለውም እንዲሁ ይንገር። ሌላው ለእኛ የሚያገባን ነገር፣ የጣት ኦክስጅን መለኪያዎች ጥቁር ቆዳ ላይ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ማሳየት ይቀናቸዋል፤ ስለዚህ የተወሰነ መታፈን ሳይቆጠር ሊያመልጥ ይችላል።

ውጤቱ «የለም» ብሎ ማንኮራፋቱና ድካሙ ካልቀረ፣ ሁለተኛ ዋችፓት ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው። የአንጎል ሞገድ፣ የአፍንጫ አየርና የደረት እንቅስቃሴ ባንድነት ወደሚለኩበት የእንቅልፍ ላብራቶሪ ሄዶ አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል።