ማስጠንቀቂያ፦ «ኪንግ ፒኑ ሙሉ በሙሉ ታድሷል» ለምትባሉ የአሮጌ ላንድ ክሩዘር ባለቤቶች

አሮጌ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ያላችሁና የፊት እግሩን ለማሳደስ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። መኪናዬ ከአባቴ የወረስኩት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራ ኤች ጄ 47 ፒክአፕ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የአዲስ አበባ ጋራዥ የሁለቱንም ጎን ኪንግ ፒን፣ ማለትም የፊት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበትን ክፍል፣ «ሙሉ በሙሉ አድሼ አስረክባለሁ» ብሎ ከነመለዋወጫው 46,000 ብር ተቀበለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ደብረ ብርሃን ስጓዝ፣ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ላይ የፊት ጎማው አንድ ጉድጓድ እንደነካ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ እስኪደርስ ተንቀጠቀጠ፤ ፍጥነቱ በጣም እስኪወርድም አልቆመም። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

በዚህ መኪና ላይ ኪንግ ፒን የምንለው በትልልቅ የጭነት መኪኖች እንደምናውቀው አንድ ወፍራም ፒን አይደለም። ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞረው ከላይና ከታች በተቀመጡ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ላይ ሲሆን፣ በሁለቱ ጎን አራት ይሆናሉ። እያንዳንዱ ኩሽኔታ ሮለሮቹን የያዘው የውስጥ ክፍልና አክሱ ጫፍ ላይ ተመትቶ የሚገባው የውጪ ቀለበት አሉት፤ ሁለቱ አብረው ይሸጣሉ፣ አብረው መቀየርም አለባቸው። ኩሽኔታው እንደ ጎማ ኩሽኔታ ሙሉ ዙር ስለማይዞር፣ መኪናው ቀጥ ብሎ በሚሄድበት ዘመን ሁሉ ሮለሮቹ አንድ ቦታ ላይ ሆነው የመንገዱን ምት ይቀበላሉ፤ ስለዚህም ቀለበቱ በዚያው ቦታ ይጎደጉዳል።

ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሳስፈታው ያየሁት ይህንኑ ነው። ቀለበቱን በጨርቅ ጠርጎ ጥፍሬን እንዳስኬድበት ነገረኝ፤ በየጉድጓዱ ላይ ጥፍሬ ይያዝ ነበር። አዲሶቹ ሮለሮች የተቀመጡት በአሮጌው ቀለበት ላይ ነበር፤ ቀለበቱን ማውጣት ጊዜና ጉልበት ስለሚጠይቅ እንደነበረ ትተውታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሺም የሚባሉት፣ የኩሽኔታውን ጥብቀት የሚወስኑት ቀጫጭን የብረት ልኮች ጠፍተው፣ በምትካቸው የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ በመቀስ ተቆርጦ መግባቱ ነው፤ ቀይ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ቆርቆሮው ሲጨፈለቅ የክዳኑ ብሎኖች ላልተዋል። ዲፈረንሻሉን ከጎማው በኩል የሚለየው የውስጥ ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) ስላልተቀየረም፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ቀጭን ሾርባ ይፈስ ነበር። የተቀየረው ከውጪ የሚታየው ላስቲክ ብቻ ሲሆን፣ ዙሪያው በጥቁር ቀለም አሸብርቋል።

ስለዚህ አሮጌዎቹ አራት ቀለበቶች በእጃችሁ ሳይገቡ ሂሳብ አትዝጉ። ባዶ የኩሽኔታ ካርቶን ማስረጃ አይሆንም፤ ለእኔም አራት ካርቶን አሳይተውኛል። መለዋወጫውን ራሳችሁ ከሶማሌ ተራ የምትገዙ ከሆነም ሳጥኑን ከፍታችሁ ቁጠሩ፤ «ኪት» ተብሎ ከሚሸጠው አንዳንዱ ውስጥ ላስቲክና ጓርኒሲዮን (በክዳኖች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) እንጂ ኩሽኔታ የለም። ሥራው ሲያልቅ ጥብቀቱ በስፕሪንግ ሚዛን ተስቦ መለካቱን ጠይቁ። የፋብሪካው መመሪያ የሚያዘው ይህንን ነው፤ «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል መልስ አትቀበሉ።

ራሳችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ፈተናም አለ። የፊት ጎማውን በክሪክ አንሡና ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ ነቅንቁት። ክፍተት ከተሰማችሁ ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ እንዲይዝ አድርጋችሁ ድገሙት። ፍሬን ተይዞ ክፍተቱ ከጠፋ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ኪንግ ፒኑን ጠርጥሩ። ይህን ሳታደርጉ «አዲስ የመሪ ሾክ አብዞርበር ይግባለት» የሚላችሁን አትስሙ፤ መንቀጥቀጡን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ ክፍተቱ ከሥር እየሰፋ ይሄዳል።

ገንዘቤን ለማስመለስ ሄጄ ነበር፤ ሥራውን መሥራታቸውን ግን ካዱ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ እኔ ግን ሳልቀበል ወጥቼ ነበርና የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። እናንተ የተቀየረው ዕቃ በስምና በቁጥር የተዘረዘረበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ውጡ፤ «የፊት እግር ጥገና» የሚል አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ደግሞ እዚያው እንዲያስተካክሉት አድርጉ።