ጃንጥላችሁን ሳትጥሉ እኚህን አባት አግኟቸው

ይሄ ምስጋናም ጥቆማም ነው። የማመሰግናቸው ጫማ የሚሰፉና ጃንጥላ የሚጠግኑ አንድ አባት ናቸው። ጅማ የምትኖሩ፣ በተለይ ሄርማታና መርካቶ አካባቢ የምትመላለሱ፣ ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸውን አልጽፍም። ላስፈቅዳቸው ብጠይቅ «ስሜ ምን ያደርግላቸዋል፤ ሥራውን ንገሪያቸው» አሉኝ። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው፤ እኔም በዚሁ ልቀጥል።

አሁን መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። መንገዱ ሲታደስ ከለመዱት ቦታ ተነስተዋል። ከዚያ ወዲህ «አባባ ሥራ አቆሙ አሉ»፣ ሲብስም «ሞቱ እንዴ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብለው፣ ከመርካቶ ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወስደው መንገድ፣ ሰማያዊ ሸራ ወጥረው ተቀምጠዋል። መሣሪያቸውም ያው ነው፣ ቀልዳቸውም ያው ነው።

ጅማን ለማያውቅ ሰው ጃንጥላ ጠጋኝን ማመስገን ቀልድ ሊመስለው ይችላል። እዚህ ግን ዝናቡ ሰኔን አይጠብቅም። ከመጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «ክረምት ገባ» ብላ ስትደውልልኝ እኛ ጋ ጭቃው ከርሟል። ጠዋት ፀሐይ ናት፣ የጅሬን ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ዶፉን ያወርደዋል። ስለዚህ የጅማ ሰው ቁልፉን ረስቶ ይወጣል እንጂ ጃንጥላውን አይረሳም። አንድ ቤት ውስጥ ደህና ጃንጥላ ከሌለ ተማሪውም ሠራተኛውም በር ላይ ይጨቃጨቃል።

እንግዲህ የእኔ ጃንጥላ ታጣፊ ነው። ሁለት ሽቦው ተሰብሮ፣ ጨርቁ ከሦስተኛው ላይ ተላቆ ነበር። ከተገዛ ብዙም አልቆየም። የሸጠልኝ ልጅ «ጃንጥላ ደግሞ ምን ዋስትና አለው?» ብሎ ስቆብኛል፤ እሱን እንተወው። አባባ ተቀበሉኝና ከፈቱት። ወደ ብርሃን አንስተው ቀስ ብለው አሽከረከሩት። በዚህ ጊዜ ብታናግሯቸውም አይሰሙም። ከዚያ ዋጋ ተናገሩ። እሳቸው ጋ መጀመሪያ ዋጋ ነው፣ ቀጥሎ ሥራ። ሲጨርሱ «ይሄም ነበረበት» ብለው የሚጨምሩት ነገር የለም።

ከኋላቸው አንድ ማዳበሪያ አለ። ውስጡ የሞቱ ጃንጥላዎች ናቸው፤ ጨርቃቸው የተቀደደ፣ እጀታቸው የጠፋ። እጃቸውን ሰደው በረበሩና ከኔው ጋር የሚመጣጠን ሽቦ አወጡ። ለኩት፤ ረዘመ። በፒንሳ ቆረጡት፣ ጫፉን ጠመዘዙት። መገጣጠሚያው ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ሚስማር አለች፤ የዛገችውን ገፍተው አወጡና ቦታዋን በቀጭን ሽቦ አሰሩት። ጨርቁ ድሮ የተያዘው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር። እሳቸው በናይለን ክር ሦስት ቦታ ወጋ ወጋ አደረጉት። ደጋግመው ከፍተው ዘጉት። በመጨረሻ «እስቲ አንቺ ክፈቺው» ብለው ሰጡኝ። ባለቤቱ ራሱ ሳይሞክረው ገንዘብ አይቀበሉም። ይሄን ሁሉ ሲሠሩ አጠገባቸው ከተቀመጠ የባጃጅ ሾፌር ጋር ስለ ቤንዚን ሰልፍ ያወሩ ነበር።

ያ ጃንጥላ ይሄው እስካሁን ያገለግለኛል። ነፋስ ገልብጦት እንኳ ተመልሷል።

የጫማው ሥራ ግን ከጃንጥላውም ይበልጥብኛል። ጅማ ላይ ጫማ የሚገድለው እርጥበት ነው። ሶሉ አፉን ሲከፍት ብዙ ቦታ የሚደረገውን ታውቁታላችሁ፤ ማስቲሽ ለቅለቅ፣ ጫን ጫን፣ ክፈል፣ ሂድ። በሳምንቱ ተመልሶ ይከፈታል። አባባ እርጥብ ጫማ ላይ ማስቲሽ አይቀቡም። «ነገ ነይ» ይላሉ። ባዶ እግሬን ልሂድ እንዴ ብትሉ፣ ለዚህ ብለው ያስቀመጡት ነጠላ ጫማ አለ። እሱን ያውሷችኋል። እኔም አድርጌው ቤቴ ገብቻለሁ፣ ጎረቤት ስቆብኛል።

ጫማው ሲደርቅ የድሮውን ማስቲሽ ፍቀው ያነሳሉ። በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩታል። ሁለቱንም ፊት ይቀቡና ይተዉታል፣ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪያቆም ድረስ። ደንበኛ «አሁንስ አልደረሰም?» እያለ ይቁነጠነጣል፤ እሳቸው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ከዚያ ነው ገጥመው በመዶሻ የሚመቱት። በዚህም አይበቃቸውም፤ ዙሪያውን በወስፌ እየበሱ ሰም ባሹት ክር ይሰፉታል። ወስፌያቸው ቀጭን ነው። ቀዳዳው ከክሩ ከሰፋ ውሃ ያስገባል ይላሉ።

በነፃ የሚሰጡትን ምክር ደግሞ እኔ ላካፍላችሁ። የራሰ ጫማ ከሰል ዳር አታስቀምጡ። ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። የውስጥ ሶሉን አውጡ፣ ወረቀት ጠቅጥቁበት፣ ወረቀቱ ሲርስ ቀይሩት፣ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ አሳድሩት። ጋዜጣ ከየት ይመጣል ካላችሁ የልጆች የአምና ደብተር ይበቃል። ጃንጥላንም እንደራሰ አጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ መክተት ሽቦውን ያዝገዋል። ቤት ስትገቡ በረንዳ ላይ ዘርጉት።

እኔን ይበልጥ ያሸነፈኝ ግን «አይሆንም» ማለታቸው ነው። አንድ ቀን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስኒከር ይዛ መጣች። ገልብጠው አዩት፣ ሶሉን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ ተፈረፈረ። «ልጄ፣ ይሄ ገንዘብሽን ይበላል። እኔም ሰርቼው አላድርበትም» አሏት። ልጅቷ እባክዎ ብላ ለመነች። አልተቀበሉም። እዚያው ማሰሪያውን ፈትተው «ይሄ ደህና ነው፤ ለሌላው ይሆንሻል» ብለው ሰጧት። ሥራ አጥተው እንዳይመስላችሁ፤ ወረፋው ሸራውን አልፎ ነበር።

ስለ ወረፋው ካነሳሁ፣ እዚያ መጠበቅ አይሰለችም። ደንበኛ የሚቀመጥባት ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አለች። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ናት፤ ከመቀመጥ ብዛት መሃሏ መስታወት ሆኗል። ዝናብ ሲመጣ መንገደኛው ሁሉ ሸራው ስር ይሸጎጣል። አንዱ በኦሮምኛ ይጀምራል፣ ሌላው በአማርኛ ይመልሳል፣ ከዳውሮ የመጣው ተማሪ ጣልቃ ይገባል። ከጎን ያለችው የጀበና ቡና ልጅ ሲኒ ታቀብላለች። ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ማን ማንን እንዳገባ እዚያ ነው የምሰማው። ጎረቤቴ ቤት እንደቀየረች የሰማሁት ከራሷ ሳይሆን ከአባባ ነው! ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ሁሉም ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ይበተናል።

ሙገሳ ብቻ እንዳይሆንብኝ ጉድለታቸውንም ልናገር። አይቸኩሉም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ «ነገ» ያሉት ከነገ ወዲያ ሊሆን ይችላል። ምክር ይወዳሉ፤ ጫማችሁን አይታችሁ የአረማመዳችሁን ጉድ ሳይነግሯችሁ አይለቁም። የቦርሳ ዚፕ ግን ለሌላ ሰው ብትሰጡ ይሻላል። ይሄን እንደምጽፍ ነግሬያቸዋለሁ፤ «እውነቷን ነው» ብለው ስቀዋል። ቁልፍ ሲጫኑት የሚከፈተውን አውቶማቲክ ጃንጥላም አይወዱትም። ሞላው ከተበላሸ ብዙ ጊዜ ወደ ተራ ጃንጥላ ነው የሚቀይሩት። ይሠራል፣ ግን በእጅ መክፈት ልመዱ።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ታገኟቸዋላችሁ፤ ማታ ሲመሽ ነው የሚነሱት። ዓርብ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ለጁምዓ ስለሚሄዱ እስከ 8 ሰዓት ድረስ አትልፉ። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ከሰቃና ከቀርሳ የሚመጡ እናቶች ትልልቅ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። አባባ ቅድሚያ ለእነሱ ይሰጣሉ፤ ሳይመሽ አገራቸው መግባት አለባቸውና። የከተማ ሰው ከሆናችሁ በሌላ ቀን ሂዱ። ዝርዝር ብር ያዙ። በስልክ መክፈልም ይቻላል፤ ልጃቸው በሌለ ጊዜ ግን መልእክቱን እናንተው ታነቡላቸዋላችሁ።

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጅዎ አይዛል፣ ዕድሜዎን ያርዝመው። ይሄን ጽሁፍ ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ።

አንድ መልእክት ደግሞ አደራ ብለውኛል። ለጥገና ሰጥታችሁ የረሳችሁ ሰዎች፣ ዕቃችሁ ሳጥን ሞልቷል። አበባ ያለበት የልጅ ጃንጥላ፣ ቡናማ የወንድ ጫማ፣ ተረከዙ የተቀየረ ጥቁር የሴት ጫማ፣ ሌላም ሌላም አለ። አንዳንዱ ከቦታው ለውጥ በፊት የተሰጠ ነው። ተሠርቶ አልቋል፣ ሂሳቡም ያኔ የተነገራችሁ ነው። የሴት ጫማው ባለቤት ግን ቶሎ ብትመጪ ጥሩ ነው፤ ነጠላ ጫማቸው አንቺ ጋ ነው ያለው።