«ኪሚያዬ ሰዓዳት»ን ስትገዙ የቱን ትመርጣላችሁ?

የእስልምና ሊቁ ኢማም ገዛሊ (1058–1111፤ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በብዛት የጻፉት በዓረብኛ ነው። «ኪሚያዬ ሰዓዳት» (የደስታ ኪሚያ) የተባለውን ይህን ኪታብ ግን ለአገራቸው ሰው በፋርስኛ ጻፉት። መግቢያው ራስን፣ አላህን፣ ዱንያንና አኺራን ስለማወቅ ነው። ከዚያ አራት «ሩክን» (ዋና ክፍል) ይከተላል። የመጀመሪያው ስለ ዒባዳ (አምልኮ) ነው፤ ከዐቂዳ (እምነት) ተነስቶ በጦሃራ (ንጽህና)፣ በሶላት፣ በዘካ፣ በጾም አድርጎ ሐጅ ይደርሳል።

የጥንቱን የእጅ ጽሑፍ ልግዛ የሚል መጀመሪያ ዓይኑን ይክፈት። ነጋዴው «የ1150 ነው» ብሎ ጽሑፉ ያ ዘንበል ዘንበል የሚለው ናስታሊቅ የሚባለው የፋርስኛ አጣጣል ከሆነ ተሰናበቱት። ናስታሊቅ የመጣው በ14ኛው መቶ ዘመን ነው። ገጹን ወደ ብርሃን ያዙት። የውሃ ምልክት ካለው የአውሮፓ ወረቀት ነው፤ ምልክቱን ጣሊያኖች የጀመሩት በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ፊደሉም ይናገራል። በጥንት የፋርስኛ ጽሑፍ ከአናባቢ በኋላ የሚመጣው ዳል የሚባለው ፊደል (د) ነጥብ ተደርጎበት ዛል (ذ) ይመስላል። መጨረሻ ገጽ ላይ ያለው ዓመት ብቻውን አያሳምናችሁ፤ ገልባጮች የቀደመውን ቅጂ ዓመት እንዳለ ይገለብጡ ነበር። ከየት አገር፣ መቼ እንደወጣ የሚያሳይ ሰነድ ከሌለው ደግሞ በነጻ ቢሰጧችሁም አትንኩት።

በፎቶ የታተመው ቅጂ መልኩን በሙሉ ይሰጣል፤ የገልባጩን ስህተት ጨምሮ። ለእኔ ለዓይን ከዚህ የሚበልጥ የለም። ችግሩ ቋንቋው ነው። ቁርኣን የቀራ ሰው ፊደሉን ያነበንበዋል፤ ትርጉሙ ግን አይገባውም።

ለማንበብ ከሆነ የታተመውን ግዙ። ፋርስኛ ለሚችል ሁሴን ኸዲቭጃም ያዘጋጁት የቴህራን እትም በሁለት ቅጽ አለ። እንግሊዝኛ ላይ ተጠንቀቁ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት በ1910 የወጣውን የክሎድ ፊልድን ትርጉም ነበር። ሻጩ «ሙሉው ነው» አለኝ። ጦሃራን ብፈልግ የለም፤ ሶላትን ብፈልግ የለም! ስምንት ምዕራፍ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ስለ ዜማና ውዝዋዜ ግን አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። ዒባዳውን የፈለገ ባለ ሁለት ቅጹን የጄይ ክሩክን ሙሉ ትርጉም ይጠይቅ። ውድ ነው፣ ከባድም ነው። ቀጭን ሆኖ «ሙሉ ነኝ» የሚለውን ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማውጫውን ግለጡት።