ፍራሹን ያልነደፉልኝ ፍራሽ አዳሽ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሁለት ወር ዘግይቻለሁ። ሰንፌ አይደለም። እናቴ በእርግጥ እንደተሻላት እስካይ ልጠብቅ ብዬ ነው። ሦስት ሌሊት ሳታስል ስላደረች ብቻ ሰው አመስግኜ፣ በአራተኛው ሌሊት ተነስታ አልጋዋ ላይ ብትቀመጥ ምን ልል ነው? አሁን ጥር ገብቷል። እናቴ ሱብሂ እስኪደርስ ትተኛለች። ስለዚህ ልጻፍ።

የማመሰግናቸው ሰው እዚህ ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ እስከ ቧንቧ ውሃ ጠዋት ጠዋት እየዞሩ «ፍራሽ አዳሽ!» የሚሉ አባት ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ስሜ ምን ያደርግልሻል? ድምፄን ያውቁታል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከታችኛው መንገድ ሆነው ሲጣሩ እኛ ቤት ይሰማል።

ነገሩ ከድመት ይጀምራል።

ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጎረቤት ጓሮ ውስጥ እናቷ ጥላት የሄደች፣ ዓይኗ እንኳ ያልተገለጠ ድመት አገኘ። በመድኃኒት ማጠጫ ጠብ ጠብ እያደረገ ወተት ሰጥቶ አሳደጋት። ነብሮ አላት። ሴት መሆኗን ያወቅነው ስትወልድ ነው። ስሙ ግን አልተቀየረም።

ባለፈው ክረምት እናቴን ከሐይቅ አመጣናት። ጉልበቷ ደክሞ ስለነበር ብቻዋን እንድትሆን አልፈለግንም። የእንግዳ ክፍል የምንለውን ትንሹን ክፍል ሰጠናት። አልጋው ነበር፣ የጥጥ ፍራሹም ነበር፣ ምንም መግዛት አላስፈለገንም። በወቅቱ ይህ ደስ ብሎን ነበር።

እናቴ ድመት ትወዳለች። «ድመት ጠሃራ ናት» ትላለች። ከነቢዩ ሰሃቦች አንዱ አቡ ሁረይራ የተባለው ድመት ይወድ ስለነበር ነው፣ ትርጉሙም የትንሿ ድመት አባት ማለት ነው እያለች ለልጄ ታወራለታለች። እሱም በጣም ተደሰተ። ሁለቱ ተስማሙ፣ ነብሮም እግሯ ሥር መተኛት ጀመረች። የደሴን ብርድ የሚያውቅ አይፈርድባቸውም። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ሲውል መስኮት የሚከፍት ሰው የለም። ድመት እግር ሥር ማለት ደግሞ ፍም ማለት ነው።

መጀመሪያ የእናቴ ማስነጠስ ነበር። ቀጥሎ ዓይኗን ያሳክካት ጀመር። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ሳል፣ ከሳሉ ጋር ደግሞ ደረቷ ውስጥ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ። አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። «ብሮንካይት ነው» ተባለና አንቲባዮቲክ ተሰጣት። አልተሻላትም። ሁለተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ተሰጣት። ቤት ውስጥ እንስሳ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጎረቤቱም የየራሱን መድኃኒት አመጣ። ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት በማር። ይሄስ ግድ የለም። አንዲት ዘመዳችን ግን ቤቱን ዘግታ አድሩስ አጨሰችላት። በፍቅር ነው ያደረገችው። የዚያን ሌሊት እናቴ ትንፋሽ አጥሯት በባጃጅ ድንገተኛ ክፍል ወሰድናት።

እዚያ ያገኘናት ወጣት ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ቤት ውስጥ ድመት ወይም ዶሮ አለ?» የሚል ነበር። እሷም ትመስገን። አለርጂ የቀሰቀሰው አስም ነው አለችን። እኔ ፀጉሩ መስሎኝ ነበር። ዋናው ጥፋተኛ ግን የድመቷ ምራቅና ቆዳ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ድመት ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትልስ ትውላለች። ምራቋ ፀጉሯ ላይ ይደርቅና እንደ ብናኝ ይበናል። በጣም ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። መጋረጃ ላይ፣ ልብስ ላይ፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ሁለት ዓይነት ፓፍ፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ አዘዘችላት። አንዱ ትንፋሽ ሲያጥራት ቶሎ የሚያስተነፍስ ነው። ሌላው ሕመም ኖረም አልኖረም በየቀኑ የሚሳብ መከላከያ ነው። ከመከላከያው በኋላ አፏን መጉመጥመጥ አለባት፣ አለዚያ አፍ ውስጥ ሊቆስል ይችላል። እናቴ ይህን በራሷ መንገድ ፈታችው። ከውዱእ በፊት ትስበዋለች፣ መጉመጥመጡ አይረሳም። ድመቷን በተመለከተ ሐኪሟ አልለሳለሰችም። «ከቤት ብትወጣ ይሻላል» አለች።

ነብሮን ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ላክናት። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፣ ግቢውም ሰፊ ነው፣ ለድመት እንኳን ደህና ነው አልን። ለልጄ ግን ቀብር ነበር። አላለቀሰም። ዝም አለ። አያቱን ሰላም ይላታል፣ አጠገቧ ግን አይቀመጥም። እናቴም ገብቷታል። «በኔ ምክንያት ልጁ ተጎዳ፣ ሐይቅ መልሱኝ» ማለት ጀመረች።

ባለቤቴ ነገሩን ለማብረድ ብሎ ሁለት ጥንቸል ገዝቶ መጣ። ሳሎን ውስጥ በካርቶን! ሐሳቡ ቅን ነው፣ ግን ከድመት አለርጂ ሸሽተን ጥንቸል ቤት ማስገባት የዓመቱ ጥበብ አልነበረም። የጥንቸል ምራቅም ሽንትም እንዲሁ አለርጂ ያስነሳል። የሚበሉት ድርቆሽም ብናኝ አለው። አሁን ከማድ ቤቱ ጀርባ የሽቦ ቤት ተሠርቶላቸው ደህና ናቸው።

ድመቷ ከሄደች ወር አለፈ። መድኃኒቱ ቀኑን አቀለለላት። ሌሊቱ ግን ያው ነው። ተኝታ አንድ ሰዓት ሳይሞላት ሳል ይቀሰቅሳታል። ቤት ውስጥ ንትርክ ተጀመረ። ባለቤቴ «ድመቷ በከንቱ ነው የተሰደደችው» ይላል። እኔ ሐኪሟን አምናለሁ፣ ግን ማስረጃ የለኝም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ፍራሽ አዳሽ!» ሲሉ ሰማሁና ጠራኋቸው። ስለ አለርጂ አስቤ አይደለም። የእናቴ ፍራሽ መሃሉ ጎድጉዶ ጎኗን ያማታል፣ ይነደፍና ይለስልስላት ብዬ ነው። ስለ ሕመሙም ምንም አልነገርኳቸውም። ፍራሽ አዳሽ ስለ አለርጂ ምን ያውቃል ብዬ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ገብተው ፍራሹን ገና ሳይነኩ እናቴ ሳለች። ቆም አሉ።

«እኒህ እናት ናቸው የሚተኙበት?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ጎረቤት ሄደው ቡና ይጠጡ። እሳቸው እዚህ እያሉ አልከፍተውም።»

እናቴን ራሳቸው ደግፈው እስከ በር አደረሷት። «አብሽሩ እናቴ፣ ቶሎ እንጨርሳለን» አሏት። ከዚያ ፍራሹን ግቢ አውጥተው ሸራ ላይ ዘረጉት። ሻሻቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አሰሩ። ጥጥ ሲነድፉ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ ብናኙም ደረታቸው ውስጥ ገብቷል። «ሁለት ሦስት ቀን አርፌ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ደረቴ ጭምድድ ይላል» አሉኝ። በኋላ ሐኪሟን ስጠይቃት ጥጥ የሚሠሩ ሰዎች ላይ የታወቀ ሕመም ነው፣ ከእረፍት በተመለሱበት ቀን መባሱም ምልክቱ ነው አለችኝ። ሳል ሲሰሙ የቆሙት ለካ ከራሳቸው ደረት አውቀውት ነው።

የፍራሹ አንድ ማዕዘን ስፌቱ ተተርትሯል። እኛ አላየነውም፣ በግድግዳው በኩል ነበር። እጃቸውን ሰደዱና አንድ ጭብጥ አወጡ። ጥጥ መሆኑ ቀርቷል። ግራጫ ፀጉር ከጥጡ ጋር ተጋግሮ እንደ በርኖስ ሆኗል። ውስጡ ጎጆ የመሰለ ጉድጓድ አለ። ነብሮ ባለፈው ዓመት የት እንደወለደች ስንፈልግ ከርመን ነበር። እዚህ ነው የወለደችው። እናቴን ያስተኛናት የድመት አራስ ቤት ላይ ነው!

«ድመት አላችሁ?»

«ከሄደች ወር አለፋት።»

ሳቁ። «ድመቷ ሄዳለች፣ ቤቷ አልሄደም።»

ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ጠሩት። «ና ጎበዝ። ድመትህ ሌላ የት የት ትተኛ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ለልጁ ያቀረበ ሰው እስከዚያች ሰዓት አልነበረም። ሐኪሟ እኔን ጠየቀችኝ፣ እኔ ደግሞ «ሳሎን» ብዬ መለስኩ። ድመቷን የሚያውቃት ግን እሱ ነው። ወር ሙሉ አፉ የተዘጋ ልጅ የሰውዬውን እጅ ይዞ ቤቱን ያዞራቸው ጀመር። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ሙቀት ስላለው። ጋቢና ቡሉኮ የሚቀመጥበት ሳጥን ላይ። የመጋረጃው እጥፋት ሥር። በመጨረሻ የእናቴን መስገጃ አሳያቸው። ታጥፎ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነብሮ እላዩ ላይ ትተኛ ነበር።

እኔ እዚያው ቁጭ አልኩ። እናቴ በቀን አምስት ጊዜ ግንባሯንና አፍንጫዋን የምታሳርፍበት መስገጃ ነው። ጋቢውን፣ አንሶላውን አጥቤያለሁ። መስገጃው ግን ንጹሕ ነገር ነውና ይታጠባል ብሎ በልቤም አልመጣ።

ወደ ፍራሹ ተመለስን። ይንደፉት አልኳቸው። እምቢ አሉ።

«ልነድፈው እችላለሁ፣ ብርሽንም እወስዳለሁ። ግን ስነድፈው ያለውን ሁሉ አበነዋለሁ። መልሼ ሰፍቼ ብሰጥሽ እናትሽን ጎዳኋት። ይጣል። አታቃጥዪውም ደግሞ፣ ጭሱ ለእሳቸው አይሆንም።»

የዚያን ቀን ሳንቲም አልተቀበሉኝም። «ምን ሠራሁና?» አሉ። አንድ ስኒ ቡና ጠጥተው ሄዱ። ያለ ሥራ ግማሽ ቀናቸው አልፏል።

አዲሱን ፍራሽ እሳቸው ሠሩልን። ንጹሕ ጥጥ፣ መጀመሪያ አቡጀዲ፣ ከላዩ ደግሞ አብረን ገበያ ሄደን የመረጥነው ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስተው እያዩ «ይሄ ያሳልፋል፣ ይሄ ያሳልፋል» እያሉ አምስት ስድስት ጥቅል ጣሉ። ነጋዴው ተቆጣ። የላይኛው ልብስ እየወጣ እንዲታጠብ ዚፕ ገባለት። ትራሱንም እንዲሁ። ስፌቱ ላይ ጣቴን ባስኬድ አንድ ቀዳዳ አላገኘሁም።

ጉድለታቸውንም ልናገር፣ አለዚያ ጥቆማው ጥቆማ አይሆንም። ቀጠሮ አያከብሩም። ማክሰኞ ብለው ሐሙስ መጡ። እናቴ ሁለት ቀን መሬት ላይ በስፖንጅ ተኛች። ስልካቸውም ከጥሪ ይልቅ ዝግ የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል።

የተቀረው ሥራ የኛ ነበር። መስገጃውን፣ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን በፈላ ውሃ አጠብን። መጋረጃውን አወረድን። ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልን። ደረቅ መጥረጊያ ከእናቴ ክፍል ታገደ፣ ብናኙን ከማንሳት ሌላ ጥቅም የለውም። ለሐኪሟ ስንነግራት አልተገረመችም። ድመት ከወጣች በኋላም ብናኙ ቤት ውስጥ አራት እስከ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል፣ ፍራሽ ውስጥ ከዚያም ይብሳል አለችን። ፓፉን እንዳታቋርጥም አስጠነቀቀች። አላቋረጠችም። ፍራሽ አዳሹ አስም አድነዋል አልልም፣ እሳቸውም እንዲህ ቢባል ይቆጣሉ። ግን መድኃኒቱ ቀን የሚሠራውን ፍራሹ ሌሊት እያፈረሰው ነበር።

ነብሮ ኮምቦልቻ ቀርታለች። እህቴ አሁን አልሰጥም ብላለች። ልጄ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከአባቱ ጋር በሚኒባስ ወርዶ ያያታል። ሲመለስ ሹራቡንና ሱሪውን ማድ ቤት አውልቆ፣ እጁንና ፊቱን ታጥቦ ነው የሚገባው። ብናኙ በልብስ እንደሚመጣ ያስረዳው እሱው ነው፣ ለኛ። ከዚያ አያቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ የነብሮን ወሬ ያወራላታል። ጥያቄ የምታበዛው እናቴ ናት። ከስታለች? አይጥ ትይዛለች? ታስታውሰኛለች?

ፍራሽ ማሳደስ ወይም ማሠራት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ የጥጥ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ከተነጋገራችሁ በኋላ ግን የሚጨምሩባችሁ ነገር የለም። ፍራሹን ከመጡ በኋላ አብራችኋቸው ግቢ አውጡት፣ ቤት ውስጥ አያስከፍቱም። ሳል ያለበት ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ቡና አፍሉላቸው፣ ይወዳሉ። ዕጣኑን ብቻ እሳቸው እስኪሄዱ አቆዩት።